ሞኝና ፊልትሮ የያዘውን አይለቅም

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የናፈቀው ካለ ወጪ አያስፈልገውም፤ የመኪናውን ኮፋኖ ከፍቶ ጎንበስ ይበል። ብዙም ሳይቆይ ዙሪያውን ይከቡታል። የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ስንተላለፍ አንገት ከመነቅነቅ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን የማናውቅ ጎረቤቶች እንኳን ኮፋኖ ሲከፈት «ምን ሆነች?» እያሉ ይመጣሉ። ምንም አልሆነችም ብትል የሚያምንህ የለም። ደህና መኪና ኮፋኖ ምን ያስከፍታታል? ከዚያ እጅ ወደ ኋላ ይጣመራል፣ ከንፈር ይመጠጣል፣ ሞተሩ በዝምታ ይመረመራል፤ የመጀመሪያው ምክርም ይሰነዘራል። አንዱ ከመከረ በኋላ ዝም ብሎ ቆሞ ማየት ስስት ስለሚመስል ሁሉም ያለውን ያዋጣል።

የእኔ ጉዳይ ተራ የዘይት ቅያሪ ነበር። መኪናዬ ለአሜሪካ ገበያ ተሠርታ በዱባይ በኩል ዞራ የመጣች ባለ 1.8 ሊትር ኮሮላ ናት። ለአገራችን መካኒክ ኮሮላ ማለት ዓይን ጨፍኖ የሚፈታው መኪና ነው። የእኔዋ በአንድ ነገር ትለያለች፤ የዘይት ፊልትሮዋ ያ የለመድነው፣ እንዳለ ተፈትቶ የሚጣለው ቆርቆሮ አይደለም። ከሞተሩ ሥር በፊት በኩል ወደ መሬት የተደፋ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አለ፤ ማጣሪያው ወረቀት ያለው እሱ ውስጥ ነው። በቅያሪ ጊዜ ወረቀቱ ይጣላል፣ ክዳኑ ተጠርጎ ይመለሳል። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ በየቅያሪው አንድ ሙሉ የብረት ጣሳ ከመጣል ወረቀት መጣል ይሻላል። ክዳኑ ከተፈታ ነው ታዲያ።

ፋብሪካው ለዚህ ክዳን ያዘጋጀው ቁልፍ አለ። ውስጡ 14 ጠርዝ ያለው፣ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የብረት ጽዋ ነው። ክዳኑ ላይ ጥልቅ ብሎ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማል፤ ከጀርባው እጀታ ይሰካል፤ ያዝ፣ አዙር፣ አለቀ። እኔ ይህ ቁልፍ የለኝም። ሶማሌ ተራ ወርጄ ስጠይቅ ሻጩ ምንም ሳይጨነቅ ሰፋ ያለ ቁጥር አነሳልኝና «ይሄም ያው ነው፤ ካልያዘልህ ጨርቅ ጣል ታደርግበታለህ» አለኝ። ጨርቅ! ክዳኑ እኮ ፕላስቲክ ነው። ቁልፉ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሰፋ ጠርዙን እየላጠ ብቻውን ይዞራል፤ አንዴ የተላጠ ክዳን ደግሞ በኋላ ትክክለኛው ቁልፍ ከጃፓን ቢመጣለትም አይያዝም። አመስግኜ ወጣሁ።

ክዳኑ በራሱ ጊዜ አልጠበቀም፤ ያጠበቀው ሰው አለ። ባለፈው ዘይት ያስቀየርኩበት ጋራዥ ውስጥ ያለ አንድ ብርቱ ልጅ ነው። ስሙን አላውቅም፣ ክንዱን ግን ከዚያ ወዲህ በደንብ አውቄዋለሁ። ስንት ላይ መቆም እንዳለበት ክዳኑ ራሱ በጉልህ ይነግረዋል፤ 25 ኒውተን ሜትር የሚል ተቀርጾበታል። ይህን ያህል ኃይል ማለት ሩብ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ጤፍ ማንጠልጠል ነው። ልጁ ያንጠለጠለው ኩንታሉን ሳይሆን አይቀርም።

አልወቀስኩትም ብል ውሸት ነው፤ ግን ገብቶኛል። ክዳኑ ቢያፈስ ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነው። አልፈታ ቢል የሚያለቅሰው ሌላ ሰው ነው። ያውም ከወራት በኋላ፣ ያውም ሌላ ሰፈር። ስለዚህ ጉልበት በጨመረ ቁጥር እሱ ይተርፋል፣ እዳው ወደ ቀጣዩ ፈቺ ይዞራል። በቤታችን የቧንቧውን ራስ የሚዘጋው ሰውና ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ መጥቶ ከቧንቧው ጋር የሚታገለው ሰው አንድ ሆነው አያውቁም። እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት አጥባቂ ሁሉ ራሱ እንደማይፈታው እርግጠኛ የሆነ ሰው ነው።

የሚያናድደው ጉልበቱ ለምንም አለመጥቀሙ ነው። ዘይቱን የሚያግደው ጥብቀቱ አይደለም፤ ክዳኑ አንገት ላይ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ የምትቀመጥ ክብ ላስቲክ ናት። ክዳኑ ሲገባ ላስቲኳ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ዙሪያዋን ተጣብቃ ታሽጋለች። ክዳኑ መጨረሻው ደርሶ ከተቀመጠ በኋላ የሚጨመር ጉልበት ለእሷ ምንም አያደርግላትም። ጥርሱን ያስጨንቃል፣ ፕላስቲኩን ሊሰነጥቅ ይችላል፣ ከዚያ ውጪ ልብ ማሳረፊያ ብቻ ነው። ዋናው መድኃኒት ላስቲኳን በየጊዜው መቀየር ነበር፤ አዲስ ፊልትሮ ሲገዛ አዲስ ላስቲክ ከካርቶኑ ውስጥ አብራ ትመጣለች። ግን አሮጌዋን ከቦዩ ፈልቅቆ ማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አሮጌዋ ትቀራለች፣ በደረቋ ትገባለች፣ የሞተሩ ሙቀት ቀን ከቀን ይጠብሳታል፤ በመጨረሻ ከብረቱ ጋር ትዳር ትይዛለች።

በባዶ እጅ መሞከሩ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ስለሆነ ሒሳቡን ልንገራችሁ። ከክዳኑ መሐል እስከ ጠርዙ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከሩብ ገደማ ነው። በዚህች አጭር ክንድ 25 ኒውተን ሜትር ለማውጣት ጠርዙ ላይ ከ75 ኪሎ የሚበልጥ ጉልበት መጣል ያስፈልጋል። ይህ እንግዲህ በልኩ ለጠበቀ ክዳን ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ዘይት በነካው እጅ፣ ዓይን ውስጥ አፈር እየገባ መሆኑን ደግሞ ራሳችሁ ጨምሩበት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው የተረቱት አባቶች የዘይት ፊልትሮ አላዩም፤ ቢያዩ ግን አይደነቁም ነበር። የዚህ ወረቀት እንጀራው የያዘውን አለመልቀቅ ነው፤ የብረቱን ብናኝና ጥላሸቱን አንቆ ይይዛል። በተረቱ ውስጥ ሞኙ ማን እንደሆነ ግን መኪና ሥር ተኝቼ ሳስበው ለጊዜው መለየት አቃተኝ።

ከተሰበሰቡት ሁሉ መጀመሪያ ቁም ነገር የሠራው የግቢው ጥበቃ ነው። ክሪኩን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ድንጋይ እየተሸከመ መጣ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ነፍስን ማስያዝ ነው። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስያዘ፣ የእጅ ፍሬኑን ራሱ ገብቶ ሳበ፣ የመደገፊያ ብረቶቹ በትክክል መቀመጣቸውን ተንበርክኮ አየ። ከዚያ በኋላ ነው «አሁን ግባ» ያለኝ። ስለ ፊልትሮ የሰጠው ምክር የለም። ለዚህም አመሰግነዋለሁ።

ቀጥለው የመጡት የምድር ቤቱ ጋሼ ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ኤንትሬ ፊያት ይዘው አሰብ የተመላለሱ ሰው ናቸው፤ ስለ መኪና የሚናገሩት ሁሉ ከሚሌ ይጀምራል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ መጣና ግቢ ውስጥ መኪና መጠገን በደንቡ የተከለከለ መሆኑን አስታወሰን። አስታውሶን ሲያበቃ ካቻቢቴ ማቀበል ጀመረ። ከሦስተኛ ፎቅ የወረደው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አገኘልኝ፤ ፈረንጁ ወለሉ በሚያበራ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ፣ ያንኑ የሌለኝን ቁልፍ አውጥቶ፣ ክዳኑን አዙሮ ፈገግ ይላል። ተማሪው ደጋግሞ አሳየኝ። «አየህ ቀላል ነው» ይለኛል።

የመጀመሪያው ጠብ በአቅጣጫ ላይ ሆነ። ክዳን እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ይፈታል። በዚህ ማንም አልተከራከረም። ጥያቄው የማን ግራ ነው የሚለው ነበር። እኔ ሥር ተኝቼ የክዳኑን ፊት ነው የማየው። ጋሼና ሰብሳቢው ግን በተከፈተው ኮፋኖ በኩል ቁልቁል ስለሚያዩ ለእነሱ የሚታያቸው ጀርባው ነው፤ እኔ በትክክል ሳዞር እነሱ ሳጠብቅ ያዩኛል። «እያጠበቅኸው ነው!» ይላሉ ጋሼ። «ግራህን ነው የምልህ፣ ግራህን!» ሰብሳቢው እጁን አንስቶ ግራው የትኛው እንደሆነ አሳየኝ፤ ከሥር ሆኜ የሚታየኝ ግን ጫማው ብቻ ነበር። በመጨረሻ ጋሼን ጎንበስ ብለው ከእኔ ጋር እንዲያዩ ለመንኳቸው። አዩ፤ ዝም አሉ፤ ቀና ሲሉም ለተሰበሰበው «ይሄ መኪና በግራው ነው የሚፈታው» ብለው አስታወቁ።

ተማሪው በዚህ መሐል አንድ ነገር አግኝቷል። ክዳኑ እምብርት ላይ እጀታ የሚቀበል አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። «ይኸውና! ከዚህ ነው የሚዞረው!» ብሎ ሰካና አዞረ። እውነትም ዞረ። የዞረው ግን ክዳኑ ሳይሆን መሐሉ ላይ ያለው ትንሽ ቡሽ ነው፤ ሥራውም ክዳኑ ከመፈታቱ በፊት በውስጡ የተጠራቀመውን ዘይት ማፍሰስ ነው። ሥራውን ሠራ። ዘይቱ በልጁ ክንድ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ገባ። የዚህ ትውልድ ሰው ሲደነግጥ ስልኩን ነው የሚያድነው፤ እሱም ያንኑ አደረገ።

ከዚያ ጋሼ የካቻቢቴ ሊቃውንትን ትምህርት አመጡ። «ካቻቢቴውን በመዶሻ ወግተህ ጎን ለጎን አሳልፈው፤ እንደ እጀታ ይዘህ ታዞረዋለህ። ሚሌ ላይ እንዲህ ነበር የምናደርገው።» ትምህርቱ ሐሰት አይደለም፤ ዘመኑ ግን የቆርቆሮው ነው። የመኪና ዘይት ፊልትሮ ራሱ ዕድሜው መቶ ዓመት አለፈ፤ አሜሪካዊው ኧርነስት ስዊትላንድ በፈረንጆቹ 1923 ሠርቶ ፒውሮላተር አለው። የሚጠመዘዘው ቆርቆሮ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው። ቆርቆሮ ሆነ ብለው ቢወጉት ከነቁስሉ ተፈትቶ ይጣላል። በእርግጥ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ እሺ አይልም፤ አንዳንዴ ካቻቢቴው ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት ይሸረክተውና ሥሩ ሞተሩ ላይ ይቀራል። የእኔው ክዳን ግን የሚመለስ ነው። ብወጋው ነገ በምን እዘጋዋለሁ? ይህን ለጋሼ ሳስረዳ ከልብ አዘኑ፤ ያዘኑት ለእኔ ሳይሆን መኪና እንዲህ ለስላሳ በመሆኑ ነው።

ሰብሳቢው ፓፓጋሎ ሊያመጣ ተነሳ። የቧንቧ ቁልፍ ጥርስ ፕላስቲክ ላይ የሚያደርገውን ስለማውቅ በግድ መለስኩት። መመለሱ ቅር ሳይለው ሌላ ሐሳብ አቀረበ፤ «ፊልትሮውን ተወውና ዘይቱን ብቻ ቀይር፣ በሚቀጥለው ይደርሳል።» ብዙ ሰው በዝምታ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሞተሩም ወዲያው አይከስስም። ወረቀቱ ሲደፈን ማለፊያ ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱ ሳይጣራ ይዞራል፤ ሞተሩ ዘይት አያጣም፣ የገዛ ቆሻሻውን ግን እየጠጣ ይሄዳል። እኔ ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት፣ ከበረንዳቸው ልብስ እያሰጡ ሁሉንም ሲሰሙ የቆዩት እትዬ ቀደሙኝ። «ታጥቦ ጭቃ!» አሉና ቀጣዩን አንሶላ አራገፉ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

መፍትሔው የመጣው ቁልፍ ፍለጋውን ትተን ክዳኑን ስንታዘብ ነው። ክዳኑ የሚያስቸግረው በሁለት ነገር ነው፤ ውጪው ያንሸራትታል፣ ውስጡ ተጣብቋል። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሹን ቡሽ መለስንና መኪናዋን አወረድን። ያፈሰስነውን ያህል አዲስ ዘይት ጨምረን ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሳነው፤ ላስቲኳ ለብ እንድትል እንጂ እጅ እንዲያቃጥል አይደለም። እንደገና አነሳን፣ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና የጥበቃው ምርመራ። ዘይቱን ከዋናው መፍሰሻም ከክዳኑም አወረድን። ከዚያ ክዳኑን በላርጎና በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ ጭብጥ ሲደረግ «ሲጢጥ» እስኪል ድረስ አደረቅኩት። በመዶሻው የእንጨት እጀታ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ ኳ ኳ አደረግኩት፤ ለመስበር ሳይሆን የተጣበቀችውን ላስቲክ ለመቀስቀስ። ክዳኑ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ጠቀለልኩ፣ ሻካራው ፊት ወደ ፕላስቲኩ።

አሁን ቀበቶ ያስፈልጋል። የእኔ ላስቲክ ነገር ነው፤ የተማሪው ደግሞ ቀጭን። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ካፖርታቸውን ገለጥ አድርገው የአሰብ ዘመን ቀበቷቸውን መፍታት ጀመሩ። ወፍራም የበሬ ቆዳ፣ ዘለበቱ የነሐስ። በዙሪያችን ቆመው ያፈጡ የነበሩ የግቢው ልጆች አንድ ሽማግሌ ቀበቶ ሲፈታ ባዩ ጊዜ፣ ማን ምን እንዳጠፋ ሳይጠያየቁ እግሬ አውጪኝ አሉ። አንዱ ኳሱን እንኳን አላነሳም።

ቀበቶውን በዘለበቱ አሾልኬ ቋጠሮ ሠራሁና ክዳኑ ላይ አጠለቅኩት። እዚህ ላይ አቅጣጫው ወሳኝ ነው፤ ወደ መፍቻው ሲጎተት ራሱን የሚያጠብቅ መሆን አለበት፣ በተቃራኒው ከተጠለቀ ይላላል። የተረፈውን ጫፍ በአንድ የብረት ዘንግ ላይ ጠቀለልኩት፤ ዘንጉ ክዳኑን ተደግፎ እስኪቆም ድረስ። ከዚህ በኋላ ያቺ የሦስት ሴንቲ ሜትር ክንድ ወደ ግማሽ ሜትር አደገች። 75 ኪሎ ይፈልግ የነበረው ነገር አምስት ኪሎ በቃው፤ የጋራዡ ልጅ ትርፍ ጉልበት ሲጨመርበት ትንሽ በለጥ ይላል። በአንድ ጊዜ ሳልመነጭቅ ቀስ እያልኩ ጫንኩ። ቆዳው አቃሰተ። ብርጭቆ ወረቀቱ ነከሰ።

«ጣ!» አለ።

ሁላችንም ዝም አልን። ሰብሳቢው በለሆሳስ «ሰበረው» አለ። ጋሼ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉ። ክዳኑ ግን አልተሰበረም፤ ላስቲኳ ናት ትዳሯን የፈታችው። ከዚያ በኋላ በሁለት ጣት ዞረ።

ውስጡ እንደጠረጠርነው ነበር። ወረቀቱ ከሰል መስሏል። ላስቲኳ ክብ መሆኗ ቀርቶ ጠፍጣፋ ሆናለች፤ በጥፍር ስጫናት አትመለስም፣ ስለጥጣት ተበጠሰች። አዲሷን በጣት ጫፍ ንጹሕ ዘይት ቀብቼ በቦይዋ አስቀመጥኳት፤ አዲሱን ወረቀት አስገባሁ፤ ትንሹንም ቡሽ በአዲስ ላስቲክ መለስኩ። ክዳኑን በእጄ አዙሬ፣ በመጨረሻ በቀበቶው ጥቂት ረዳሁትና ከቤቱ ጋር ክፍተት ሲያጣ አቆምኩ።

«ጠበቅ አድርገው!» አለ ሰብሳቢው።

«ትንሽ ጨምርለት» አለ ተማሪው፣ ሒሳቡን ስነግረው አብሮኝ የሠራ ልጅ።

«አምጣ እስቲ እኔ አንድ ጊዜ ልርገጠው» አሉ ጋሼ። እትዬም ከበረንዳ «አደራ መንገድ ላይ እንዳይወልቅብህ!» አሉ። በጥብቀት ይህን ያህል የተጎዳን ሰዎች ክዳኑ ገና ከመግባቱ ሁላችንም አጥባቂ ሆነን ቁጭ አልን። ዘንጉን ከሥሬ ደብቄ ወጣሁ።

4.2 ሊትር አዲስ ዘይት ተሞላ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ የዘይቱ መብራት ጠፋ። ሥሩን አየን፤ ጠብታ የለም። ሰብሳቢው ደንቡን በድጋሚ አነሳና፣ የተቃጠለውን ዘይት የትም እንዳንደፋ ካስጠነቀቀ በኋላ ጄሪካን ይዞ መጣ። ለካ ቡራዩ በጀመረው ቤት የአጥር እንጨቱን ምስጥ ፈጅቶበት ኖሯል።

ጋሼ ቀበቷቸውን ታጠቁና ከሞተሩ ሥር ካርቶን አነጠፉ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ከእኔ ቀድመው መኪናዋ አጠገብ ተቀምጠው ካርቶኑን በፀሐይ እያገላበጡ አገኘኋቸው። ደረቅ ነው አልኳቸው።

«ገና ነው» አሉኝ። «ሚሌ ደርሰህ ሳትመለስ ደረቀ አይባልም።»